ያልተነበበው መስመር

ባለፈው ሳምንት ሬሕማንና ማሩን ቡሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ሻይ ሻጯ ዘንድ፣ ተኳርፈው ነበር የተውናቸው። እሱ «መኪናው ረቡዕ ይነሳል» አላት። እሷ ብርጭቆዋን እያየች «መልካም መንገድ» አለችው። እኔ እንዲህ ያለ መልካም መንገድ አልወድም። ሰው የሚወደውን የሚሸኘው ቢያንስ ቀና ብሎ እያየ ነው፤ እሷ ግን ስኳሩን እያማሰለች ነበር። ማሩም ያንን ማማሰል እያሰበ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደው አደረ።

ጊዜው ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ገና በሰው ሞልታ ሳለች ነው። ሬሕማ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከሐይቅ ከተማ መጥታ ዐማራት ሰፈር በሃጃ ዘኪያ ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች አራት ዓመት ሆኗታል። ማሩም የዚያው የሐይቅ ልጅ ነው፤ አገር ቤት ሳሉ ግን አይተዋወቁም። አርካዊት ሰፈር ውስጥ በሚሠሩ ፎቆች ላይ ሲሚንቶ ያቦካል፣ ብሎኬት ያመላልሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ «እዚህ የቆምኩት ለመሻገር ነው» እያለ ከቆየ በኋላ፣ አሁን በመጨረሻ ከጓደኛው ከቢልልኝ ጋር ወደ ሊቢያ የሚወስደው መኪና ተገኝቶለታል።

እሷ ሙስሊም ናት፣ እሱ ክርስቲያን። ሐይቅ ላይ ቢሆን ቤተሰብ ትንሽ ያንጎራጉር ነበር እንጂ አገር አይናወጥም። ካርቱም ውስጥ ግን ሳይጋቡ አብረው በረክሻ፣ በባጃጁ ማለት ነው፣ ሲሄዱ ፖሊስ ቢያስቆማቸው የሚያዋጣ መልስ አንድ ብቻ ነበር። «እህቴ ናት» ይላል እሱ፤ «ወንድሜ ነው» ትላለች እሷ። ስሙንም ለሱዳኖቹ ኦመር ነኝ ብሎ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ለፖሊስ የተባለው ውሎ አድሮ ለባለሱቁም፣ ለጎረቤቱም፣ ለሃጃ ዘኪያም ተባለ። ሁለት ዓመት በሰው ፊት እህትና ወንድም ሆነው ተዋደዱ። በቀላሉ የሚቻል አይምሰላችሁ። የሚወዷትን ሴት ሰው መሀል «እህቴ» እያሉ መጥራት፣ ቀስ በቀስ ሆድን ይበላል።

ማሩ ያላወቀው አንድ ነገር አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሃጃ ዘኪያ ሬሕማን ሐኪም ዘንድ ወስደዋት ነበር። በግራ ጡቷ ውስጥ ካገኘችው እብጠት በመርፌ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፣ ውጤቱም መጥፎ ሆነ። ሐኪሙ «ሕክምናውን ከመምረጤ በፊት ወደ ሳንባና ወደ ጉበት አልፎ እንደሆነ ማየት አለብኝ» ብሎ ሲቲ ስካን አዘዘላት። እሷ ለማሩ የነገረችው «ሆዴን ያመኛል፤ ጠጠር ሳይሆን አይቀርም ብለዋል» ብላ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ሃጃ ዘኪያ አንድ ወረቀት ይዘው ከሳሎን ወጡ።

«ቀጠሮሽ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው» አሏት። «ያለ ሙራፊቅ አያስገቡም። መርፌ ስላለው የሚፈርም ዘመድ ያስፈልጋል። የኔ ጉልበት ደረጃ አይወጣም፤ ወንድምሽን ጥሪው።»

ሙራፊቅ አስታማሚ ማለት ነው። ካርቱም ውስጥ አስታማሚ ሳይዝ ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ፣ ሰው የሌለው ተብሎ ነው የሚታዘንለት። ሬሕማ ስልኳን እያነሳች እያስቀመጠች አንድ ሰዓት ፈጀች። ያኮረፉትን ሰው ጠርቶ «ና ፈርምልኝ» ማለት ሞት ነው። በመጨረሻ ደወለች። ማሩ «መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ ሲሚንቶው ከቅንድቡ ሳይራገፍ ደረሰ።

«ደህና ነሽ?» አለ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ፊትሽ እንደዚያ አይልም።»

«ሆዴ ነው አልኩህ እኮ። ወረቀቱን እናንብብና ሂድ፤ መንገደኛ ነህ፣ ብዙ የምትሰበስበው አለህ።»

በግቢው በር ጥላ ሥር፣ ዘበኛው በሌለበት፣ በገመድ አልጋው ላይ ጫፍና ጫፍ ይዘው ተቀመጡ። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚያነቡ ልንገራችሁ። ሬሕማ በልጅነቷ ቁርኣን ቀርታለች። የዐረብኛውን ፊደል አስተካክላ ታወጣዋለች፤ የሐኪምና የመንግሥት ወረቀት ላይ ያለው ዐረብኛ ግን ትርጉሙ አይገባትም። ማሩ ደግሞ ከግንበኛና ከመሐንዲስ ጋር ሲጨቃጨቅ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጥቶታል፤ ፊደሉን ግን አንዱንም አይለይም። ስለዚህ እሷ ድምፁን ታነባለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ ከዚያ ምን እንደሚል ይነግራታል። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የፖሊስ መጥሪያውን፣ የመድኃኒቱን ትእዛዝ፣ ሁሉንም ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ያነበቡት። ለየብቻ ሁለቱም ማንበብ አይችሉም፤ አብረው ሲቀመጡ ግን አንድ የተማረ ሰው ይወጣቸዋል።

ማሩ ዓይኑን ጨፈነ። ሬሕማ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፤ ስሟና ዕድሜዋ ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ምላሷ ቆመ። ምርመራው ለምን እንደታዘዘ ነበር የሚናገረው፤ መሀሉ ላይ ሰረጣን የምትል ቃል አለች። ይህችን እንኳ ማንም እንዲተረጉምላት አያስፈልጋትም። ከሐኪሙ አፍ ሰምታታለች፤ ካንሰር ማለት ነው። ማሩም ብትነበብለት ወዲያው የሚያውቃት ቃል ናት።

ጣቷን ዝቅ አድርጋ ሦስተኛውን መስመር አነበበች።

«ከምርመራው በፊት ስድስት ሰዓት ምግብ አይበላም» አለ ማሩ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ውሃ ይቻላል። ቀጥይ።»

ቀጠለች።

«የኩላሊት የደም ምርመራ ውጤት ይዘሽ ነይ ነው የሚለው።»

«ሃጃ አስመርምረውኛል፤ አለኝ።»

«ደግ። ቀጥይ... ብረት ነገር አይደረግም። የጆሮ ጌጥ፣ የጸጉር መርፌ፣ ሃብል ቤት ይቀራል... አስም፣ የመድኃኒት አለርጂ ካለ አስቀድሞ ይነገር... እርግዝና ካለም...» እዚህ ላይ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ለዚህኛውስ ምን ልበላቸው?»

«ዝም ብለህ ተርጉም! ወንድም ለእህቱ እንዲህ አይቀልድም» አለችና ሳታስበው ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከኩርፊያው በኋላ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሬሕማ» አለ ሳቁ ሲያበቃ፣ «መኪናው ነገ አስር ሰዓት ላይ ነው ከኦምዱርማን የሚነሳው። ጠዋት ካንቺ ጋር ውዬ እደርስበታለሁ። ሌላ የምትይኝ ነገር ከሌለ።»

አየችው። እስኪነጋ ብትነግረው የማያልቅ ነገር ነበራት።

«የለም» አለች። «መንገዱን ያቅልልህ።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ በጡቷ በኩል ሸጎጠችው። ማሩ ልብሱን አራግፎ ሲወጣ ዘወር ብሎ አላያትም፤ ቢያያት ኖሮ ከንፈሯን ነክሳ መያዟን ባወቀ ነበር። እሱ ግን እንደማትወደው እርግጠኛ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ አርካዊት ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ሬሕማ ባዶ ሆዷን፣ ጆሮዋን ባዶ አድርጋ፣ ጸጉሯን በጨርቅ ሸብ አድርጋ ወጣች። እናቷ የተወችላትን የብር ጉትቻ አውልቃ በመሀረብ ቋጥራ ቤት ትታዋለች። በረክሻው ውስጥ ማሩ አንድ ሁለት ጊዜ ሊናገር ጀምሮ ተወው።

የምርመራው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሙስዐብ የሚባል መነጽር ያደረገ ወጣት ባለሙያ ፋይሏን ከፍቶ በፊታቸው ተቀመጠ። የኩላሊቱን ውጤት አየና «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ቅጹን አወጣና ፊቱን ወደ ማሩ አዞረ፤ ወንድም ባለበት የሚጠየቀው ወንድም ነው።

«አስም አለባት?»

ማሩ ወደ ሬሕማ ዞር አለ። ራሷን ነቀነቀች። «የለባትም።»

«ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዳ ያሳከካት፣ ያበጠችበት ጊዜ አለ?»

«የለም።»

«እርግዝና?»

«የለም» አለ ማሩ፤ ጆሮው ቀላ።

«እናታችሁ በሕይወት አሉ?»

ማሩ ይህንን ጥያቄ ወደ እሷ ዞሮ መጠየቅ አላስፈለገውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሟ ሆኖ ኖሯል፤ የእሱ እናት ደግሞ ሐይቅ ላይ በደህና አለች። ሰው ስለ እናቱ ሲጠየቅ አፉ ከልቡ ይቀድማል።

«አለች፣ አልሐምዱሊላህ!» አለ ፊቱ እየበራ። «ባለፈው ዐርብ በስልክ አግኝቻታለሁ። ከኔ በላይ ጤነኛ ናት።»

ሙስዐብ መጻፉን ተወና ፋይሉን ገለጥ አደረገ። አንድ ጊዜ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው» አለ። «‹እናቷ በአርባ አንድ ዓመታቸው በጡት ሰረጣን ሞተዋል› ይላል። ሐኪሙ የጻፈው ከራሷ ሰምቶ ነው። እሷም ያው በሽታ የተገኘባት ስለሆነ ይህ ነገር በትክክል መታወቅ አለበት። የቱ ነው እውነቱ?»

ማሩ መጀመሪያ የሰማው ቃሉን ብቻ ነው። የማን እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ሬሕማ ዞረ። እሷ የወለሉን ንጣፍ ታያለች፤ እጇ የቀሚሷን ጨርቅ ጨምድዶ ይዟል። ቀና ብላ ብታየው ኖሮ ምናልባት ይቀለው ነበር። አላየችውም። የጠጠሩ ወሬ ውሸት እንደነበረ፣ የማማሰሏም ነገር፣ የ«መልካም መንገድ»ም ነገር ምን እንደነበር በዚያች ቅጽበት አንድ ላይ ገባው።

ሙስዐብ መነጽሩን አስተካከለ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ግን ሥራው ነው። «አንተ በእርግጥ ወንድሟ ነህ?» አለ። «የቅርብ ዘመድ ያልሆነ ሰው እዚህ ወረቀት ላይ አይፈርምም። ካልተፈረመ መርፌውን መስጠት አልችልም። ሌላ ሰው ይዛ ትምጣ ካልን ደግሞ ቀጠሮው ለሚመጣው ወር ነው የሚሆነው።»

አንድ ወር! ሐኪሙ «አንድ ሳምንትም አታባክኑ» ብሎ ነበር። ሬሕማ ልትናገር አፏን ስትከፍት ማሩ ቀደማት።

«ወንድሟ ነኝ» አለ። «ይቅርታ አድርግልኝ። እናታችን ሞታለች። እኔ... ሞተች ማለት አቅቶኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ አለች ነው የምለው።»

ሙስዐብ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ወደ ላይ አነሳ። «አል-ፋቲሓ» አለ።

ሱዳን ውስጥ የሰው ሐዘን የሰማ ሰው፣ መንገድ ላይም ይሁን ቢሮ፣ ሥራውን አቁሞ እጁን ይዘረጋል፤ ፋቲሓውን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ ምዕራፍ፣ ቀርቶ ነው ወደ ጉዳዩ የሚመለሰው። ሐዘንተኛውም አብሮ ይዘረጋል። ማሩ ሲሚንቶ የበላቸውን እጆቹን አነሳ። ሐይቅ ያደገ ክርስቲያን ለዱዓ እጅ መዘርጋት አይከብደውም፤ በልጅነቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ስንት ጊዜ ተቀምጦበታል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳለ በእሱና በፈጣሪው መካከል ነው፤ ይለምን የነበረው ግን አይቷት ለማያውቃት ሴት ነፍስ እንደነበር ጥርጥር የለኝም።

ሬሕማ የተዘረጉትን እጆቹን አየች። እናቷ ከሞተች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ካርቱም ከመጣች ጀምሮ ከሐኪሙ በቀር ለማንም ተናግራ ስለማታውቅ፣ አንድም ሰው «አላህ ይዘንላት» ብሏት አያውቅም ነበር። እንባዋ ያለ ድምፅ በአገጯ ላይ ወረደ።

«አላህ ይማራቸው» አለ ሙስዐብ ፊቱን በእጁ አብሶ። ወረቀቱንም ወደ ማሩ ገፋው። «እዚህ ጋ ፈርም።»

ማሩ የዐረብ ፊደል አያውቅም። በአማርኛ፣ በትልልቁ «ማሩ» ብሎ ጻፈ። ሙስዐብ አየው፤ ግን አማርኛ አያነብም። ሬሕማ ግን አነበበችው። በዚያ ሁሉ ውሸት መሀል ስሙን፣ የገዛ ስሙን፣ ለእሷ ማስያዣ አድርጎ ሲሰጥ ስታይ ልቧ ተገለበጠባት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሙስዐብ ውሃ የሚመስል፣ ትንሽ መረር የሚል ነገር የተሞላ ትልቅ ጠርሙስ ሰጣቸው። አንጀቷ በፎቶው ላይ ተለይቶ እንዲታይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት መጠጣት አለባት። ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ማሩ በብርጭቆ ይቀዳል፣ እሷ ትጠጣለች።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር?» አለ ማሩ ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲቀዳ።

«አዎ።»

«ዘለልሽው።»

«ዘለልኩት።»

«ዓይኔን ጨፍኜ እኮ ነው የምሰማሽ፣ ሬሕማ!» አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ሰዎች ዞሩ፤ ዝቅ አደረገው። «እዚህ አገር እኔ የማውቀው አንቺ ያነበብሽልኝን ነው። ሌላ ሰው ቢዋሸኝ ለምጄዋለሁ። አሠሪው ይዋሸኛል፣ ደላላው ይዋሸኛል። አንቺ ግን...»

«ብነግርህ ትቀራለህ።»

«እና መቅረቴ ምን አጠፋ?»

«ሦስት ዓመት የጠበቅከው መንገድ ነው። ‹ካርቱም እቀራለሁ› ያልከኝ ቀን የለም። ብትቀር በኔ የተነሳ ነው። ዛሬ ባይሆን ነገ ትቆጨኛለህ።»

«ይህ ሁሉ ሰበብ ነው» አለ ማሩ ብርጭቆውን እየሞላ። «እውነቱን ንገሪኝ። አሁንስ አንድ መስመር እንኳ አትዝለዪ።»

ሬሕማ ጠጣች፤ መረራት። ብርጭቆውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ የታመመች ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች። «አባቴ ይወዳት ነበር። ወላሂ ይወዳት ነበር። መጀመሪያ ስድስት ወር አስታመማት። ውሃውን እሱ ይቀዳል፣ ልብሷን እሱ ያጥባል፣ ጎረቤት ሁሉ ያደንቀዋል። ከዚያ ለገበያ ብሎ እየሄደ ማደር ጀመረ። አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሌሊት። ከዚያ ከሚሴ ሌላ ሚስት አገባ ተባለ። እናቴ በሩን እያየች ነው የሞተችው፣ ማሩ። ‹መጣ?› ትለኛለች፤ ‹እየመጣ ነው እማ፣ መንገድ ላይ ነው› እላታለሁ። በመጨረሻው ቀን እንኳ ‹መንገድ ላይ ነው› አልኳት።»

ማሩ ብርጭቆውን ከጉልበቷ አንስቶ እንደገና ቀዳላት፤ እሷ ቀጠለች።

«ሊቢያ ብትሄድ መንገደኛ ነበር፣ ሄደ እላለሁ። ይቻለኛል። ሐኪሙ ግን ሕክምናው ዓመት ይፈጃል ብሏል። ጸጉሬ ይረግፋል። ጡቴን ሊቆርጡት ይችላሉ። ያን ጊዜ ከጎኔ ተነስተህ፣ ዛሬ አንድ ሌሊት፣ ነገ ሁለት ሌሊት እያልክ ብትሄድ ግን እሱን አልችለውም። ስለዚህ እኔው ቀድሜ ሸኘሁህ።»

«እኔ አባትሽ ነኝ?» አለ ማሩ፤ ዓይኑ ቀልቶ።

«አይደለህም። እኔ ግን እናቴን ልሆን ነው።»

የማሩ ስልክ ጮኸ። ቢልልኝ ነበር። ዘጋው። ደግሞ ጮኸ፤ ዘጋው። ሦስተኛው ላይ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄዶ አነሳው። «አውቃለሁ... አስር ሰዓት፣ አውቃለሁ አልኩህ እኮ... ዕቃዬን አንተ ያዝልኝ» ሲል ሬሕማ ሰማች። ዕቃዬን ያዝልኝ! የፈለገችው ይህንን አልነበረም እንዴ? ታዲያ ለምን እንዲህ አመማት?

ተመልሶ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ስሚኝ» አለ። «የሠላሳ ዓመት ሰው ነኝ፤ ለማንም ተለማምጬ አላውቅም። አባትሽ ስላደረገው እኔ ልማልልሽ አልችልም። ብምልም አታምኚኝም፤ እውነትሽን ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ፣ በዚህ ሰዓት። ግን ስኳር እያማሰልሽ አይደለም። ዓይኔን እያየሽ በይኝ።»

ሬሕማ ቀና አለች። ዓይኑ ውስጥ ውሃ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አዘጋጅታ የያዘችው ቃል «ሂድ» የሚል ብቻ ነበር፤ ምላሷ ላይ አልመጣ አለ።

«ሬሕማ!» አለ ሙስዐብ በሩን ከፍቶ። «ያላ፣ ተራሽ ነው።»

ተነሳች። ምንም ሳትል፣ ሂድም ቅርም ሳትል ገባች። በሩ ሲዘጋ ማሩ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ቀረ።

ውስጡ ብርድ ነበር። ነጭ ገዋን አለበሷት፣ በክንዷ ላይ መርፌ ሰክተው ከቀጭን ቱቦ ጋር አገናኙት። ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ አስተኝተው እጆቿን ከራሷ በላይ አደረጉላት። ትልቅ ክብ ነገር በላይዋ ተደፍቷል። «መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነትሽ ይግላል» አላት ሙስዐብ ቀስ ብሎ። «ሽንትሽ ያመለጠሽ ይመስልሻል፤ አላመለጠሽም፣ አትፍሪ። አፍሽ ውስጥም የብረት ጣዕም ይመጣል። መሣሪያው ትንፋሽሽን ያዢ ሲልሽ ያዢ። አትንቀሳቀሺ።»

ሁሉም ክፍሉን ለቀው ወጡ። ሬሕማ ለብቻዋ ቀረች።

አልጋው ወደ ክቡ ውስጥ ገባ። ከግድግዳው የሆነ ድምፅ በዐረብኛ «ተንፍሺ፣ ያዢ» አለ። ያዘች። መሣሪያው ዞረ። እናቷን አሰበቻት፤ በሩን የምታየውን ዓይኗን። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያ ዓይን ያስተማራት አንድ ነገር ነው ብላ ታምን ነበር፤ ማንንም አትጠብቂ። አሁን ግን እዚህ፣ እንቅስቃሴ በማይቻልበት አልጋ ላይ፣ በር ተዘግቶባት፣ ራሷም በሩን እያሰበች ነበር። ከበሩ ወዲያ ሰው ይኖር ይሆን? ሄዶ ይሆን? እናቷ የጎዳት መጠበቋ አልነበረም። መጥቶ ያልደረሰላት ሰው ነበር የጎዳት። ሁለቱን አንድ አድርጋ ስንት ዓመት ኖረች!

መድኃኒቱ ገባ። እሳት ከደረቷ ተነስቶ በሆዷ፣ በጭኗ ወረደ፤ አፏ ብረት ብረት አላት። «ትንፋሽሽን ያዢ» አለ ድምፁ። ያ አላህ፣ አለች በልቧ፣ ከበሽታው አድነኝ ብዬ ሁለት ሳምንት ለምኜሃለሁ፤ ዛሬ ግን እሱን አትውሰድብኝ፤ እሱን ብቻ።

«ተንፍሺ» አላት ድምፁ።

ልብሷን ቀይራ ወጣች። አግዳሚው ባዶ ነው። ጠርሙሱና ብርጭቆው ብቻ ተቀምጠዋል። ሬሕማ ግድግዳውን ያዘች። ሄዷል። ዓይኑን እያየች አላለችውም፤ ዝም ብላ ገባች፤ ዝምታም መልስ ነው። ቢሄድ ምን ይፈረድበታል? ግራና ቀኙን አየች፤ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ በሽተኛ ተሸካሚዎች።

በኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አየችው። ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሯል። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አትሂድ» አለች።

ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«አትሂድ።» አሁን ዓይኑን ነበር የምታየው። «የምሰጥህ ምንም የለኝም። ፎቶው ምን እንደሚል አላውቅም፤ ውጤቱ እሑድ ነው። ልድን እችላለሁ፣ ልሞትም እችላለሁ። አስታምመኸኝ ልትሰለችም ትችላለህ። ይህንን ሁሉ አውቄ ነው የምልህ። ፈርቻለሁ፣ ማሩ። ብቻዬን መሆን አልፈልግም። ከኔ ጋር ሁን፤ አትሂድብኝ።»

አራት ዓመት በሰው አገር ስትኖር ለራሷ ብላ ከሰው የለመነችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ማሩ እንደተቀመጠ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ አለቀሰ። ስልኩ ደግሞ ጮኸ። በግራ እጁ አወጣው፤ በቀኙ የያዘውን አልለቀቀም።

«ቢልልኝ፣ ያለኔ ሂዱ» አለ።

ቢልልኝ ሲጮህ ሬሕማ ከቆመችበት ይሰማታል። አብደሃል? ሦስት ዓመት የጠበቅነው መኪና እኮ ነው!

«በሽተኛ አለችብኝ» አለ ማሩ።

«ማን ናት በሽተኛዋ?»

ማሩ ወደ ሬሕማ ቀና አለ። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል፤ ሙስዐብም በሩ ላይ ቆሟል።

«ሚስቴ» አለ ድምፁን ሳይቀንስ።

ከእሷ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ሬሕማ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።